ግጣም፤ ከማሰሮ አፍ እስከ መኪና እግር

እጃጂ መንገድ ዳር፣ አሮጌ ጎማ በባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ ከተሰቀለበት ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ቆሜ አንድ ወረቀት አነበብኩ። ወረቀቱ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና በተላከልኝ ቸርኬ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። «ተኳሃኝ ዊል፤ የብሎን ስርዓተ ጥለት 6×139.7፤ ማካካሻ 46» ይላል። ፊደሉ ሁሉ የእኛው ነው። ለጎሚስታው ሳነብለት ግን ከቁጥሮቹ በቀር አንዱም ቃል ጆሮው አልገባም።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራች ፎርዊል ሃይሉክስ ፒካፕ ናት። ከባኮ በቆሎ ጭና ስትመለስ የግራ የፊት ቸርኬዋ ከአስፋልቱ ጉድጓድ ጠርዝ ጋር ተላትሞ ተሰነጠቀ። ስኮርታ አስረን እጃጂ ደረስን፤ እሱም ከድሮ ጀምሮ የተጣመመ ስለሆነ ሩቅ አያስኬድም። ለዚህ ነው ወደ አዲስ አበባ ደውዬ ምትክ ያስላክሁት።

ጎሚስታው መኪናዋን በክሪክ አነሣ። አዲስ የመጣውን ቸርኬ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ብሎኖቹ አስጠጋ። ስድስቱ ቀዳዳዎች ከስድስቱ ብሎኖች ጋር ፊት ለፊት ተያዩ። ቸርኬው ግን አልገባም። ከመሀል ወጣ ብሎ የሚታየው ሞዞ ከቸርኬው የመሀል ክፍት ይወፍራል፤ ብሎኖቹ ጫፋቸውን ሳያስገቡ ሞዞው ቀድሞ አገደው። አዙሮ ሞከረ፤ ያው ነው። ቸርኬውን መሬት ላይ አጋደመና እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ግጣሙ አይደለም» አለኝ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያች አንዲት ቃል ስል ነው።

ግጣምን ጓዳ ያደገ ሰው ያውቀዋል። እናቴ የማሰሮዋን ክዳን ሁሉ ግጣም አትልም ነበር። ክዳን ማንኛውም የሚከድን ነገር ነው፤ ሰፌድም ይከድናል፣ ሳህንም ይከድናል። ግጣም ግን የዚያው የማሰሮው ነው፤ አፉ ላይ ሲቀመጥ ዙሪያውን ይዞ ዝም የሚል፣ እንፋሎት በጎን የማያሳልፍ። ግጣሙ ከተሰበረ ሌላ ክዳን ይፈለግለታል፤ ወጡ መብሰሉን ባይተውም ክዳኑ ሲንቀጫቀጭ ይውላል። በክዳንና በግጣም መካከል ያለው ይህ ልዩነት፣ ቸርኬ ሻጮች በሦስት የውሰት ቃል ሊነግሩን ሞክረው ያቃታቸው ነገር ነው። ስድስት ቀዳዳ ያለው ቸርኬ ሁሉ ለሃይሉክስ ክዳን ሊሆን ይችል ይሆናል፤ ግጣሟ ግን አይደለም።

ሥሩ ገጠመ ነው። በአማርኛ እንደዚህ ግስ ብዙ የሠራ ጥቂት ነው። በር ይገጠማል፤ ወጌሻ የተለያየ አጥንት ይገጥማል፤ ጦር ከጦር ይገጥማል፤ ኳስ ሜዳ ላይ ግጥሚያ አለ፤ መንገድ ላይ ሰው ያጋጥማል። ቃልን ከቃል፣ ቤትን ከቤት የሚያሰካካው ደግሞ ግጥም ይባላል። ከአምቦ ብዙም በማይርቀው ቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ ሲመልስ የሠራው ሥራ ከዚሁ ሥር የወጣ ስም አለው። ሁሉም ውስጥ ያለው ሐሳብ አንድ ነው፤ ሁለት ነገሮች ተገናኝተው በመካከላቸው ክፍተት አለመቅረቱ። አንድ ቸርኬ ለአንድ ሞዞ መስማማቱን ለመናገር ከዚህ የቀረበ ሐሳብ ከየት ይመጣል?

እርግጥ ተፎካካሪዎች አሉት፤ አንድ በአንድ ማየት ይገባል።

ተኳሃኝ ከኮምፒዩተርና ከስልክ የመጣ ነው፤ አንድ ፕሮግራም ከአንድ መሣሪያ ጋር መሥራቱን ለመግለጽ ተይዞ ተለመደ። እዚያ ባለበት ይኑር፤ አልጣላውም። ነገር ግን አጻጻፉ ላይ እንኳ ገና አልተስማማንም፤ አንዱ ተኳሃኝ፣ ሌላው ተኳኋኝ ይለዋል። ጎሚስታ አፍ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይገባም። ጋራዥ ውስጥ ክሪክ ላይ የተንጠለጠለ መኪና ሥር ሆኖ «ተኳሃኝነቱን ልየው» የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ምትክ የሚለው ቃል የሚናገረው አንዱ በሌላው ቦታ መግባቱን ነው፤ መግጠሙን አይናገርም። የተላከልኝ ቸርኬ ምትክ ነበር። ተለዋጭም እንደዚያው ነው። አቻ ያምራል፤ ደረጃን እንጂ ልክን አይመለከትም፤ ሁለት አቻ ቸርኬዎች ሁለቱም ላይገቡ ይችላሉ። ተገጣጣሚ ከዚሁ ከገጠመ ቢወጣም ሌላ ሥራ ይዟል፤ ተገጣጥሞ የሚቆም ቤትና ዕቃ በእሱ ይጠራል። ገጣሚ ደግሞ የባለቅኔው ነው፤ ከእሱ መንጠቅ አያስፈልግም። ልክ የሚለው ቃል ለግጣም በጣም ይቀርባል፤ «ልኩ ነው» ብንል ስሕተት የለበትም። ግን ልክ መለኪያን ያስባል፤ አንድ ቁጥር ልክ ሆኖ ሌላው ሳይሆን ሲቀር ምን እንበል? በእኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ግጣም ሁሉንም ልኮች አንድ ላይ ይይዛል፤ አንዱ ከጎደለ ግጣም የለም።

ከዚህ በኋላ ወደ ጥለቱ ልሂድ፤ የበለጠ ያበሳጨኝ እሱ ነው።

ጥለት የሸማኔ ቃል ነው። በነጠላና በቀሚስ ዳር በቀለም ክር የሚወጣው፣ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ክሩን እየቆጠረ የሚሠራው ነገር ነው። አምቦ ገበያ ነጠላ የምትገዛ ሴት ጨርቁን ዘርግታ መጀመሪያ የምታየው ጥለቱን ነው። ቃሉ ከዚያ ተነሥቶ ስልካችን ውስጥ ገባ፤ ማያ ገጹን ለመክፈት ነጥብ ከነጥብ እያገናኘን የምንስለውን መስመር ስልኩ «ስርዓተ ጥለት» ይለዋል። ከስልክ ወደ ማሽን ትርጉም፣ ከማሽን ትርጉም ወደ ሻጩ ወረቀት፣ ከወረቀቱ እጃጂ ድረስ መጣ። መንገዱ ላይ አንድም ሰው ቆሞ «ብሎን ጥለት አለው ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። ብሎን ላይ የሚደጋገም ጌጥ የለም። ስድስት ብሎን በአንድ ክብ ላይ ቆሟል፤ አለቀ።

እንግዲህ የብሎን ክብ እንበለው። ጎሚስታው ራሱ ይህን ቃል ሳይሻ ነገረኝ፤ በቅባት ጣቱ ከብሎን ብሎን እየነካ አንድ ዙር ዞረና «ክቡ እኩል ነው፣ መሀሉ ነው የጠበበው» አለ። «የብሎን ንድፍ» የሚሉም አሉ፤ ንድፍ ከመሥራት በፊት የሚሣል ነው፤ እዚህ የተሣለ ነገር የለም። «የብሎን አደራደር» የሚለው ይሻላል፤ ድርድር ግን ዐይናችንን ወደ መስመር ይወስደዋል። የሚፈለገው ቁጥር አንድ ነው፤ በብሎኖቹ መሀል የሚያልፈው ክብ ከዳር እስከ ዳር ስንት ነው የሚል። ለዚህ ክብ ከሚለው የተሻለ ቃል አያስፈልግም።

ያን ክብ ለመለካት ጎሚስታው የተጠቀመው ሲባጎ ነው። ከአንድ ብሎን መሀል እስከ ጎረቤቱ ብሎን መሀል ሲባጎውን ወጠረ፤ ርዝመቱን በሜትር ላይ አነበበ፤ ወደ 70 ሚሊ ሜትር ሆነ። እጥፍ አደረገው፤ 140 ሆነ። ባለ 6 ብሎን ላይ ይህ ዘዴ ሁልጊዜ ይሠራል፤ ስድስት ነጥብ በክብ ላይ በእኩል ርቀት ሲቆም በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ያለው ርቀት የክቡ ግማሽ ነውና። ባለ 5 ብሎን ላይ አይሠራም፤ እዚያ የጎረቤቶቹን ርቀት በ1.7 ማብዛት ነው። ትክክለኛው የሃይሉክስ ክብ 139.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ እንግዳ የሚመስል ክፍልፋይ የመጣው ልኩ በመጀመሪያ 5 ኢንች ተኩል ስለሆነ ነው። 114.3 የሚባለውም 4 ኢንች ተኩል ነው።

ብሎን ቆጥሮ መግዛት ለምን እንደማይበቃ ከዚሁ ይታያል። ከ2005 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ የመጣው የኒሳን ናቫራ ፒካፕ ባለ 6 ብሎን ነው፤ ክቡ ግን 114.3 ስለሆነ ከሃይሉክስ ጋር አይገናኝም። የላንድክሩዘር ፒካፕም እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ድረስ ባለ 6 ብሎንና ባለ 139.7 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ባለ 5 ብሎን ሆነ፣ ክቡም 150። አሮጌ ላንድክሩዘር ያለው ሰው አዲስ ካለው ጎረቤቱ ቸርኬ መበደር የማይችለው ለዚህ ነው።

የተላከልኝ ቸርኬ ክቡ ትክክል ነበር፤ ሻጩ በዚህ አልዋሸም። የሚትሱቢሺ ኤል200 ቸርኬ ነበር፤ የኋለኞቹ ኤል200ዎች ክባቸው 139.7 ነው። ነገር ግን የመሀል ክፍታቸው 67 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የሃይሉክስ 106 ነው። ወረቀቱ ስለዚህ ክፍት አንድም አልተናገረም፤ ስም ስላልተሰጠው ተረሳ። እኔ እምብርት እለዋለሁ። መኪና በሾፌሮቻችን አፍ ከድሮም አካል አላት፤ የፊት እግር፣ የኋላ እግር ይባላል፤ ጎማ ሲፈነዳ እግሯ ተመታ ይላሉ። እግር ካላት እምብርት ቢኖራት ነውር የለውም፤ ቦታውም መሀል ነው፣ ክብም ነው። ሞዞ ደግሞ የዚያ የሚወጣው ነገር ስም ሆኖ ይቆይ።

ማካካሻ የሚለውንም ላንሣ። ካሰ የፍርድ ቃል ነው፤ የተበደለ ይካሳል፣ የጠፋ ይካካሳል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን የማንንም ጉዳት አይክስም፤ ቸርኬው ከሞዞው ጋር የሚገናኝበት ገጽ ከቸርኬው ወርድ መሀል ምን ያህል እንደራቀ ነው የሚናገረው። ሾፌር ጎማው ከፓራፋንጎ ወጥቶ ሲያይ «ጎማው ሸሸ» ይላል፤ ትንሽ ፈቀቅ በል ለማለት ሸሸት በል እንላለን። ስለዚህ ሽሽት ብንለው ይበቃል። ገጹ ወደ ውጭ ከሸሸ ጎማው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሲበዛ ባሌስትራ ይነካል። ገጹ ወደ ውስጥ ከሸሸ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሲበዛ ኩሽኔታው ይጎዳል። የመኪና ዕውቀት ያለው አንባቢ ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋልና አላስረዝመውም።

አንድ ነገር ግልጽ ማድረግ አለብኝ፤ የውጭ ቃል ሁሉ ይውጣ ከሚሉት አይደለሁም። ቸርኬ ራሱ ከጣሊያንኛው ቼርኪዮ የመጣ ነው፤ ክብ ወይም ቀለበት ማለት ነው። ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ክሪክ፣ ሞዞ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ሲባጎ ሁሉም ከዚያው ቋንቋ ነው የመጡት። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው ወረራ ጋር መኪናና ጋራዥ ሲበዛ ቃላቱም አብረው በረከቱ። ወራሪው ወጣ፤ ቃላቱ ግን በእኛ ጎሚስታ እጅ ተገርተው፣ በእኛ ሰዋስው እየረቡ፣ ዛሬ አማርኛ ናቸው። ቸርኬን አውጥቶ በቦታው «ዊል» ማስገባት አማርኛን ማበልጸግ ሳይሆን ቤት ያለውን ሰው አስወጥቶ እንግዳ ማሳደር ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ «መንኰራኵር» እንበል የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ቃሉ ከግእዙ አንኰርኰረ የወጣ ነው፤ የሕዝቅኤልን ራእይ ያነበበ ሰው ክብሩን ያውቃል። እኔም አከብረዋለሁ። ነገር ግን መንኰራኵር መላው የሚዞር ነገር ነው፤ ቸርኬ ደግሞ ጎማው የሚጠመድበት ብረት ብቻ። ሁለቱን ማደባለቅ ሌላ ስሕተት ያመጣል።

«የማሰሮ ቃል ለመኪና?» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው፤ መንዳት የማን ቃል ነበር? የከብት ነበር። እረኛ በሬ ይነዳል፤ ነጋዴ አህያ ይነዳል። መኪና ሲመጣ ቃሉን ከከብቱ ወስደን መሪ ላይ አስቀመጥነው፤ ዛሬ መንጃ ፈቃድ ሲባል በሬ የሚያስብ ሰው የለም። ነዳጅም ከነደደ ወጥቶ ስንቱን የውጭ ስም አስቀረ። ሞተር እናስነሣለን፤ ተኝቶ የነበረ ሰው ይመስል። ደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላታቸው በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ የጓዳውን፣ የእርሻውንና የሽመናውን ቃል ከነዘሩ ሰብስበው አኖሩልን። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም ለአዲስ ሐሳብ ስም ማውጣት የሚቻል ሥራ መሆኑን አሳይቷል። ጎተራው አለን፤ የጎደለን ከማሽኑ በፊት ወደ ጎተራው የሚሄድ ሰው ነው።

እጃጂ ላይ ሌላ ጉዳይም አለ። ገበያው የሚውለው በኦሮምኛ ነው፤ ጎሚስታውም ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከረዳቱ ጋር በኦሮምኛ ነበር የሚነጋገረው። በኦሮምኛ የማሰሮ ክዳን ቀዳዳ ይባላል። በአማርኛ ቀዳዳ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሁለቱ ቃላት በድምፅ የሚቀራረቡ፣ በትርጉም ግን የሚቃረኑ ናቸው፤ አንዱ ክፍቱ፣ ሌላው መክደኛው። በዚህ ጋራዥ «ባለ 6 ቀዳዳ» የሚል ወረቀት ብቻውን ቢመጣ ግራ የሚጋባ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ማሰሮና የማሰሮው ልክ የሆነ ክዳን ግን በሁለቱም ቋንቋ፣ በሁለቱም ጓዳ አለ። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በነቀምቴ መንገድ ላይ ላለ ሰው የሚላክ ቃል፣ ለሰሚው ቤት ቅርብ መሆን አለበት።

ቃሉ ይሠራ አይሠራ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ማየት ነው። «ይህ ቸርኬ ለዚያ መኪና ግጣሙ ነው።» ይሄዳል። «ግጣሙ ያልሆነ ቸርኬ አስሮ ኩሽኔታውን በላው።» ይሄዳል። «የሃይሉክስና የላንድክሩዘር ግጣም ሠንጠረዥ።» ይሄዳል፤ ለእንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ከዚህ ያጠረ ርእስ አላገኘሁም። «ግጣምነቱን ሳትለካ አትክፈል።» ይህም ይሄዳል፤ እናቴም ብትሰማው ትረዳዋለች።

ቸርኬውን በመጨረሻ ያገኘሁት አምቦ ነው፤ ሥራ ካቆመ፣ እንደ እኔዋ ካለ አሮጌ ሃይሉክስ ላይ የወረደ። ከመግዛቴ በፊት በሲባጎ ለካሁት፤ ክቡ ያው ነው። እምብርቱን በሜትር አየሁት፤ 106። እጃጂ ስደርስ ጎሚስታው ተቀብሎኝ ወደ ሞዞው ገፋ አደረገው፤ አንድ ደረቅ ድምፅ ሰጥቶ ተቀመጠ። ስድስቱን ዳዶ ፊት ለፊት ያሉትን ጥንድ ጥንድ እያደረገ አጠበቀና ክሪኩን አወረደ። «ግጣሙ ነው» አለ።

ቸርኬ የምታስመጡና የምትሸጡ ወገኖች፣ ወረቀት ስትለጥፉ እንዲህ ጻፉልን፦ «ግጣም ለአሮጌ ፎርዊል ሃይሉክስ። ብሎን 6፣ ክብ 139.7፣ እምብርት 106።» የሽሽቱንም ቁጥር አትርሱ።